ሞቃት ቀን፣ ቀዝቃዛ ወንዝ፦ የከተማ ወንዞች ወቅት ከአየሩ ወቅት ለምን ይለያል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2025 ፓሪስ የሴን ወንዝን ለሕዝብ ዋና ከፈተች። በከተማዋ ውስጥ በወንዙ መዋኘት የተከለከለው በ1923 ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ክልከላ በሦስት ቦታዎች ሲነሣ ሕዝቡ ተሰልፎ ገባ። በማግስቱ ግን ዝናብ በመጣሉ ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ዋናውም ቆመ። ሴንን የሚያህል ወንዝ በአንድ ሌሊት ዝናብ ሙቀቱን አይጥልም። ሰውን ወደ ውሃው የጠራው ሙቀት በማግስቱም እዚያው ነበር። ተለውጦ ያደረው ሌላ ነገር ነው።

ወንዞቻቸውን መልሰው ለዋና የሚከፍቱ ከተሞች እየበዙ ነው። በስዊዘርላንድ ከተሞች በባዝል፣ በበርንና በዙሪክ ከሥራ በኋላ ወንዝ ውስጥ ገብቶ መንሳፈፍ የቆየ ልማድ ነው። ኮፐንሃገን የወደብ መዋኛዋን በ2002 ከፍታለች፤ ሙኒክ 8 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የኢዛር ወንዝ ክፍል ወደ ተፈጥሯዊ መልኩ የመመለሱን ሥራ በ2011 ጨርሳለች። የሙቀት ማዕበል በየዓመቱ እየጠነከረ ሲመጣ በከተማው መሐል የሚያልፈው ወንዝ ነፃ ማቀዝቀዣ ይሆናል፤ ቤቱን በማሽን ለማቀዝቀዝ አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይፈልገዋል። ስለዚህ ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ወደ ወንዝ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ውሃው ስንት ዲግሪ ነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በከተማ ወንዝ ውስጥ መዋኘት የሚቻልበትን ቀን የሚወስኑት የውሃው ሙቀት፣ ፍሰቱና ንጽሕናው ናቸው። ሦስቱ አብረው አይመጡም፤ አንዱ ሲያምር ሌላው ሊበላሽ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ሦስቱንም በአየሩ ሙቀት ሲለካ ነው።

ውሃ ለምን ይዘገያል?

ውሃ ሙቀትን በብዛት ያጠራቅማል፤ በቶሎ ግን አይሞቅም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ፣ ያንኑ መጠን ያለውን አየር ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ3,000 እጥፍ በላይ ጉልበት ይጠይቃል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ራቅ ባሉ አገሮች ፀሐይ ረጅሙን ሰዓት የምታበራው በጁን ወር ሦስተኛ ሳምንት ነው፤ ወንዞቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛ ሙቀታቸው ላይ የሚደርሱት በጁላይ መጨረሻና በኦገስት ነው።

ከዚህ የተነሣ በዓመቱ ውስጥ ሁለት የሚያሳስቱ ጊዜያት አሉ። አንደኛው ሜይ አካባቢ ነው። አየሩ 25 ዲግሪ ደርሶ ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ሲወጣ ወንዙ ገና 10 ወይም 12 ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሴፕቴምበር ሲሆን እሱ በተቃራኒው ያሳስታል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጃኬት ያስለብሳል፣ ወንዙ ግን ከወራት ያጠራቀመውን ሙቀት ገና አልጨረሰም። በብዙ ወንዞች የሴፕቴምበር መጀመሪያ ውሃ ከሜይ ውሃ በብዙ ዲግሪ ይበልጣል። መዋኛው የሚሞላው በየትኛው ወር ነው ቢባል ግን ውሃው በሞቀበት ሳይሆን ፀሐዩ በወጣበት ነው።

በቀኑ ውስጥም ተመሳሳይ መዘግየት አለ። ወንዝ በጣም ቀዝቃዛ የሚሆነው ፀሐይ ከወጣች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው፤ የሚሞቀው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታው ገደማ። ጥልቅና ሰፊ በሆነ ወንዝ በጠዋቱና በማታው መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታወቅም። ጥልቀት በሌለው፣ ዳሩ ዛፍ በሌለው ወንዝ ግን ልዩነቱ ብዙ ዲግሪ ይሆናል። የከተማ ወንዞች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥላቸውን የተነጠቁ ናቸው። ዛፉ ተቆርጦ ዳሩ በኮንክሪት ተሠርቷል፤ ከጋለ አስፋልት ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃም ሙቀቱን ይዞ ይገባል። በቅዝቃዜው ወቅት ደግሞ ከማጣሪያ ጣቢያ የሚለቀቀው ፍሳሽ ከወንዙ ይልቅ ስለሚሞቅ አካባቢውን ያሞቀዋል።

ከየት ነው የመጣው?

በአንድ ከተማ አየር ውስጥ የሚያልፉ ሁለት ወንዞች ፈጽሞ የተለያየ ሙቀት ሊኖራቸው ይችላል። ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ጄኔቭ ሄዶ ሮንና አርቭ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይቁም። ሮን ከጄኔቭ ሐይቅ የሚወጣ ነው፤ ሐይቁ ላይ ሲቆይ ደለሉ ወርዶ፣ ላዩ በፀሐይ ሞቆ፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። አርቭ የሚመጣው ከሞን ብላን ግግር በረዶዎች ሥር ነው፤ ድንጋይ የፈጨ ደለል ተሸክሞ፣ ግራጫ ሆኖ፣ በሞቃቱ ወር እንኳ አጥንት የሚሰብር ቅዝቃዜ ይዞ ይደርሳል። ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ወዲያው አይዋሐዱም፤ ሁለት ቀለም ያለው አንድ ወንዝ ሆነው ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በሮን ላይ ተንሳፍፈው የሚወርዱ ዋናተኞች ከመጋጠሚያው በፊት ወደ ዳር መውጣት ያለባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐይቅ ቢኖርም ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጠንካራ ነፋስ የሐይቁን ሞቃት የላይ ውሃ ወደ ወዲያኛው ዳር ሲገፋው ከጥልቁ ቀዝቃዛው ውሃ ተነሥቶ ቦታውን ይይዛል። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝም በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ ትናንት የዋኘንበት ውሃ ዛሬ ሌላ ውሃ ይሆናል።

ግድብ ደግሞ የወንዙን ወቅት ጨርሶ ሊገለብጠው ይችላል። በሳይቤሪያ በየኒሴይ ወንዝ ላይ የምትገኘው ክራስኖያርስክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ከከተማዋ በላይ 124 ሜትር ከፍታ ያለው የኃይል ማመንጫ ግድብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጠናቀቀ። ግድቡ ውሃ የሚለቀው ከጥልቁ ነው፤ ጥልቁ ውሃ ደግሞ የላዩን ወቅት አያውቅም። በውጤቱም ወንዙ በከተማዋ በኩል ሲያልፍ አየሩ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲሆን እንኳ በረዶ አይሆንም፤ ላዩ ላይ ጉም እየተነሣ ይፈሳል። ሞቃቱ ወር ሲመጣ ደግሞ ለመዋኘት እጅግ የቀዘቀዘ ነው። ከግድቡ በፊት ሰው ይዋኝበት የነበረ ወንዝ አሁን እግር የሚነከርበት ብቻ ሆኗል። ከግድብ በታች የሚኖር የከተማ ሰው የአየር ትንበያ አይቶ ስለ ወንዙ ሙቀት መገመት አይችልም፤ የግድቡ በር መቼና ከየትኛው ጥልቀት እንደሚከፈት ካላወቀ በቀር።

ሰውነት የሚያነበው ዲግሪ

20 ዲግሪ የሆነ አየር ደስ ይላል። 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ግን ላልለመደ ሰው ቀዝቃዛ ነው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ነውና። የውድድር ገንዳዎች ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይደረጋሉ፤ በገንዳ የለመደ ሰው ወንዝ ሲገባ መጀመሪያ የሚገጥመው ይህ ልዩነት ነው። ወርልድ አኳቲክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የውሃ ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለክፍት ውሃ ውድድር የፈቀደው ዝቅተኛ ሙቀት 16 ዲግሪ፣ ከፍተኛው ደግሞ 31 ዲግሪ ነው። 16ቱ የሠለጠኑ፣ ሐኪምና ጀልባ ከጎናቸው ላለ ስፖርተኞች የተቀመጠ ወለል መሆኑን ልብ ይሏል።

ከ15 ዲግሪ በታች ባለ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ሰዎች እንደሚያስቡት በብርድ ደንዝዞ አይደለም። ሰውነት እስኪደነዝዝ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ ገዳዩ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ቆዳው በድንገት ሲቀዘቅዝ ሰውየው ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ከዚያ ትንፋሹ ቁና ቁና ይላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ የደም ግፊቱ ያሻቅባል። የተሰወረ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ልቡ እዚያው ሊቆም ይችላል። ይህ የቅዝቃዜ ድንጋጤ ጎበዝ ዋናተኛንም አይምርም፤ የዋና ችሎታ ትንፋሽን መቆጣጠር በሚቻልበት ጊዜ እንጂ ትንፋሽ ከእጅ ሲያመልጥ አይሠራም።

ጎርደን ጊስብረክት የተባሉት የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ይህን በአጭር ቀመር አስታውቀዋል፦ 1፣ 10፣ 1። በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግሩ መታዘዝ እስኪያቆሙ ወደ 10 ደቂቃ፣ ራሱን እስኪስት ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ አለው ማለት ነው። የብሪታኒያና የአየርላንድ የባሕር ነፍስ አድን ተቋም ምክርም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ለመዋኘት አይታገል፤ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ጆሮውን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይንሳፈፍ። ይህን አንድ ምክር ከድልድይ ላይ ለመዝለል ለሚያኮበኩብ ወጣት ሁሉ ማድረስ ቢቻል ብዙ ነፍስ በተረፈ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓመት ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ እንደሚሞት አስታውቋል፤ ይህ ሁሉ ግን በቅዝቃዜ ብቻ የመጣ አይደለም።

ፍሰቱ የሚደብቀው

ሙቀት በቴርሞሜትር ይነበባል፤ ፍሰት ግን ዓይንን ያታልላል። ሰፊ ወንዝ ላዩ ተኝቶ ሲታይ የቆመ ይመስላል። አንድ ተራ ዋናተኛ በሰከንድ አንድ ሜትር መሄድ ከቻለ ጥሩ ዋናተኛ ነው። የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ የዓለም ክብረ ወሰን እንኳ ሲሰላ በሰከንድ ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚሄድ ወንዝን ተራ ዋናተኛ ወደ ላይ ታግሎ አያሸንፈውም። የውሃው ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት ወገብ ድረስ ገብተን የቆምንበት ቦታ ዛሬ ከእግር ሥር የሚጠርገን ለዚህ ነው።

በርን ይህን አስቀድማ አውቃ ተዘጋጅታለች። የአሬ ወንዝ ከአልፕስ ተነሥቶ በብሪየንዝና በቱን ሐይቆች አልፎ ስለሚመጣ በሞቃቱ ወር ደህና ሳምንታት ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ሰዎች በዳር በዳሩ በእግራቸው ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ገብተው ወንዙ ይዟቸው ይወርዳል። በየመውጫው ደረጃና ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት መያዣ አለ። ዋናተኛው መውጫው ፊት ለፊት ሲደርስ ሳይሆን ከብዙ ሜትር በፊት ወደ ዳር መጠጋት አለበት፤ መጨረሻውን መያዣ የሳተ ሰው ወንዙን አቋርጦ ወደ ተሠራው ዝቅተኛ ግድብ ይወሰዳልና። ከእንዲህ ያለ ግድብ ሥር ውሃው እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ስለሚመለስ የገባውን ሰው ደጋግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል።

የአሬ መልካም ነገር ሙቀቱና የፍሰቱ መጠን እኩል ለሕዝብ መነገሩ ነው። የስዊዘርላንድ መንግሥት የመለኪያ ጣቢያዎች ሁለቱንም ቀኑን ሙሉ ያሳውቃሉ፤ ሕዝቡም ሁለቱንም አይቶ መግባት ለምዷል። ሌሎች ከተሞች ከበርን መቅዳት ያለባቸው የፎቶውን ውበት ሳይሆን ይህን ልማድ ነው። በበረዶ ውሃ በሚመገቡ ወንዞች ውስጥ ሞቃት ቀን የበረዶውን መቅለጥ ስለሚያፋጥን፣ የመጀመሪያዎቹ ሞቃት ሳምንታት ወንዙ በጣም የሞላባቸውና በጣም የቀዘቀዘባቸው ሳምንታት ሊሆኑ ይችላሉ።

ዝናብና ድርቅ፣ ሁለቱም ያበላሹታል

ወደ ፓሪስ ጉዳይ እንመለስ። በአሮጌ ከተሞች የቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ከአቅሙ በላይ ይሞላና፣ ፍሳሹ ወደ ቤት ተመልሶ እንዳይገባ ትርፉ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ፓሪስ ለኦሎምፒኩ ከ2024 በፊት ወደ 1.4 ቢሊዮን ዩሮ የወጣበት ሥራ ሠርታለች፤ ከዚህ ውስጥ በኦስተርሊትዝ አካባቢ ከመሬት በታች የተሠራው 50,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ይገኝበታል። ያም ሆኖ የወንዶች ትሪያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ የሚያጣምረው ውድድር) ከጁላይ 30 ወደ 31 ተላልፏል፤ በመክፈቻው ዕለት የዘነበው ዝናብ ወንዙን ስላበላሸው። ማጠራቀሚያው ያደረገው የተዘጉ ቀናትን መቀነስ ነው፤ ማጥፋት አልቻለም፣ አይችልምም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው የመዋኛ ውሃ መመሪያ የወንዝ ውሃ “እጅግ ጥሩ” የሚባለው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ከ500፣ የአንጀት ኢንትሮኮከስ ደግሞ ከ200 ሳይበልጥ ሲቀር ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚለኩት ራሳቸው ሁልጊዜ ገዳይ ስለሆኑ አይደለም፤ የሰውና የእንስሳ ዓይነ ምድር ወደ ውሃው መግባቱን ስለሚጠቁሙ ነው። ችግሩ በተለመደው ዘዴ ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመቁጠር ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን መፍጀቱ ነው። ውጤቱ ሲደርስ የሚናገረው ስላለፈው ውሃ ነው። ስለዚህ ከተሞቹ በዝናቡ መጠንና በፍሰቱ ተመርተው ቀድመው መዝጋት አለባቸው፤ ዋናተኛውም ከከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ሁለት ቀን መታገስ ይኖርበታል፣ ሰማዩ ቢጠራና ውሃው ቢሞቅም። ከሙኒክ በላይ ባሉ ማጣሪያ ጣቢያዎች ፍሳሹ በሞቃቱ ወር ጀርም በሚገድለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ይታከማል። ይህ ግን የዝናቡን ጎርፍ አይነካውም።

ታዲያ ዝናብ ባይኖር ይሻላል? አይሻልም። ድርቅ ሲረዝም ወንዙ ይቀንሳል፣ ይተኛል፣ ይሞቃል፤ ከማጣሪያ ጣቢያ የሚመጣው ውሃ ድርሻም ይጨምራል። ሞቃትና የተኛ፣ ከእርሻና ከፍሳሽ በመጣ ፎስፈረስ የተመገበ ውሃ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉትን አረንጓዴ ነገሮች ያበዛል። አንዳንዶቹ ጉበትንና ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አላቸው፤ ውሃውን ለሚጠጡ ሕፃናትና ውሾች ደግሞ አደጋው ይብሳል። ላዩ ላይ የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ሽፋን ያለበት ውሃ ምንም ያህል ቢሞቅ አይገባበትም።

ወደ ምድር ወገብ በተጠጉ አገሮች ስሌቱ ይለወጣል። እዚያ የወንዝን ሙቀት የሚለየው ከወር ይልቅ የቦታው ከፍታ ነው፤ ወቅቱን የሚከፋፍለው ደግሞ ዝናብ ነው። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ስለሚሞቅ በቅዝቃዜ የሚገታ በሽታ ዕረፍት አያገኝም። የብልሃርዚያ ትል ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች በሚበዙበት፣ በተኛና ሣር በበዛበት ዳር ላይ ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል፤ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከመቶ 90 ያህሉ የሚኖሩት አፍሪካ ውስጥ ነው። ድንገተኛ ደራሽም ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ሩቅ ላይ ከዘነበው ዝናብ ይመጣል።

ወንዞቹ እየሞቁ ነው

የስዊዘርላንድ ወንዞች ከ1980 አካባቢ ወዲህ በየ10 ዓመቱ በአማካይ 0.33 ዲግሪ ያህል ሞቀዋል። ለዋናተኛ ይህ የምሥራች ይመስላል። ለወንዙ ግን አይደለም። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በዜሮ ዲግሪ በሊትር 14.6 ሚሊ ግራም የሚይዘው ውሃ በ25 ዲግሪ የሚይዘው 8.3 ብቻ ነው። በ2003 በነበረው ሙቀት በላይኛው ራይን ግሬይሊንግ የተባለው ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ዓሣ በብዙ ሺህ አልቋል። በስዊዘርላንድ ሕግ 25 ዲግሪ ሙቅ ውሃን ወደ ወንዝ መልቀቅ የሚገደብበት መስመር ነው፤ በጁላይ 2025 መጀመሪያ ላይ የቤዝናው የኑክሌር ማመንጫ የአሬ ውሃ በመሞቁ ሥራውን እንዲያቆም የተገደደው በዚሁ ነው። ዋናተኛው የሚደሰትበት 25 ዲግሪ ዓሣው የሚሞትበት 25 ዲግሪ ነው። በእንዲህ ያለው ቀን ዓሦች የሚሸሸጉበትን የቀዝቃዛ ምንጭ መግቢያና የገባር አፍ ለእነሱ መተው ከዋናተኛ የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው።

የአየሩ መሞቅ ሌላም ጣጣ አለው፤ 30 ዲግሪ የሚነኩ ቀናት ወደ ሜይና ኤፕሪል እየተጠጉ ነው፣ ወንዙ ግን ያኔ ገና ከቅዝቃዜው አልወጣም። በአየሩና በውሃው መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። የመዋኛ ወቅት ግን የሚታወጀው ብዙ ሕዝብ ሲጠበቅ ነው፤ ፓሪስ በ2025 የከፈተችው ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጨረሻ ነበር። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም፣ ባንዲራ የለም፣ የሙቀቱም ቁጥር አይለጠፍም። ከጓደኞቹ ጋር በመጀመሪያው ሞቃት ቅዳሜ ወደ ወንዝ የሚወርድ የ16 ዓመት ልጅ የሚያገኘው ባዶ ዳር ነው። ከተሞች ቢያንስ የውሃውን ሙቀት፣ ፍሰቱንና ያለፉትን ሁለት ቀናት ዝናብ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በየድልድዩና በየመግቢያው መለጠፍ መጀመር ያለባቸው የዋናው ወቅት ሲከፈት ሳይሆን አየሩ 20 ዲግሪ ካለፈበት የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ ነው። የመለኪያ ጣቢያው በብዙዎቹ ወንዞች ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ የቀረው ቁጥሩን ሰው ወደሚቆምበት ቦታ ማምጣት ነው።